ኮምፒውተር የኮንክሪትን ስንጥቅ የሚያውቀው በምን ነው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቹ በዕድሜም በሙያም የተለያዩ ቢሆኑም ያነሡት ነገር አንድ ሥር ስላለው አብረን አቅርበነዋል። መልሱን የምጽፈው በግንባታ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ያሳለፍኩ ሲቪል መሐንዲስ እንደመሆኔ ነው።

ጥያቄ፦ በአዘዞ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቼ መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ዲዛይኑ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ዘንድሮ ከሳሎኑ በላይ ባለው ቢም መሐል ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ በአንደኛው መስኮት ጥግ ደግሞ በሰያፍ የሚወጣ ሰፋ ያለ ንቃቃት አየሁ። መሐንዲሱን ጠርቼ ሳሳየው “ኮምፒውተሩ ችግር የለም ብሏል” ብሎኝ ሄደ። ኮምፒውተር ኮንክሪት የት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል? የሚያውቅ ከሆነስ ይህን አስቀድሞ ለምን አልነገረንም? (ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ለቤትዎ የተሠራው ስሌት ስንጥቅን እንዲተነብይ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ለመኖሪያ ቤትና ለመካከለኛ ሕንፃ በብዛት የምንገለገልባቸው እንደ ኢታብስና ሳፕ ያሉ ፕሮግራሞች ሕንፃውን እንደ አጽም ይወስዱትና በእያንዳንዱ ቢም፣ ኮለንና ሶለታ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ያሰላሉ። መሐንዲሱ ከዚያ ተነሥቶ የፌሮውን መጠን የሚወስነው፣ ኮንክሪቱ በሚሳብበት በኩል ምንም እንደማይሸከም፣ ማለትም ገና ከመነሻው እንደተሰነጠቀ ቆጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውና የአውሮፓን ኮድ መሠረት ያደረገው የሕንፃ ደንባችን፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ በሚደረግ ስሌት የተሰነጠቀ ኮንክሪት ግትርነት (ለመታጠፍ አለመታዘዙ) ካልተሰነጠቀው ግማሽ ያህል ተደርጎ እንዲወሰድ የሚፈቅደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ “ችግር የለም” ማለት ሕንፃው ጭነቱን ይሸከማል ማለት እንጂ አይሰነጠቅም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ለቤቱ ባለቤት ቁጭ ብሎ ማስረዳት የባለሙያው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኮምፒውተሩን ምስክር ጠርቶ መሄድ ግን መልስ አይደለም።

ኮንክሪት ለምን በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በጭመቃ 25 ሜጋፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ ነው) የሚችል ኮንክሪት ሲጎተት የሚችለው 2.6 ሜጋፓስካል አካባቢ፣ ማለትም አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ኮንክሪት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ከተለጠጠ ይሰነጠቃል። ይኸው ኮንክሪት ውሃው ተንኖ ሲደርቅ በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊኮማተር ይችላል፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲቀንስ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ያጥራል። እንዳይኮማተር ግራና ቀኙ በኮለን ወይም በግድግዳ ከተያዘ ምርጫ የለውም፣ ይሰነጠቃል። የፌሮው ሥራ ስንጥቁን ማስቀረት ሳይሆን አንድ ትልቅ ንቃቃት ሊሆን የነበረውን በብዙ ቀጫጭን መስመሮች መበተንና እንዳይሰፉ መያዝ ነው።

ከዚህ አንጻር በቢሙ መሐል፣ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብለው የወጡት ፀጉር መሳይ ስንጥቆች ፌሮው ሥራውን መጀመሩን የሚያሳዩ ናቸው። ደረቅ በሆነ ቤት ውስጥ ስፋታቸው ከ0.3 ሚሊ ሜትር እስካልበለጠ ድረስ ደንቡ ይቀበላቸዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ በቢሙ ጫፍ፣ ከኮለኑ አጠገብ፣ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ በድጋፍ አስይዘው በዚያው ቀን ባለሙያ ይጥሩ። እንዲህ ያለው ስብራት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይመጣልና።

የመስኮቱን ጥግ በተመለከተ፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ የተከፈተ መስኮት ሁሉ ጥጎቹ ላይ ውጥረት ያጠራቅማል። ቤትዎ ያረፈው በጥቁር ዋልካ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ከቤቱ ሳይሆን ከሥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራልና መሠረቱን አንዱን ጥግ እያነሣ ሌላውን ያስቀምጣል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ መስመር አስምረው ቀን ይጻፉ፤ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁን አሻግረው በሁለቱም ወገን በሙጫ ያጣብቁ። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ እየሰፋ ሄዶ በሐምሌና በነሐሴ የሚጠብ ከሆነ ጥፋቱ የአፈሩ ስለሆነ፣ ገንዘብዎን ልስን በማደስ ሳይሆን የጣራና የግቢ ውሃ ከመሠረቱ እንዲርቅ በማድረግ ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ በሲቪል ምህንድስና የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ፌሮ የሌለው የኮንክሪት ቢም ሲሰበር በአባከስ፣ ማለትም ቁስን በትናንሽ ክፍልፋዮች መረብ ከፋፍሎ በሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እየሠራሁ ነው። የመረቡን ክፍልፋዮች ባደቀቅኋቸው ቁጥር ቢሙ የሚችለው ጭነት እየወረደ፣ ስብራቱም ይበልጥ ድንገተኛ እየሆነ ይመጣል። መረብ ሲደቅ መልሱ ወደ አንድ ቁጥር መጠጋት አለበት ተብለን ነው የተማርነው። አማካሪዬ “ከሙከራው ጋር የሚስማማውን መረብ ምረጪ” ይሉኛል፤ ይህ ግን ልቤን አላሳረፈውም። ስህተቴ የት ላይ ነው? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ልብዎ ያላረፈው በትክክል ነው። ከሙከራው ጋር የሚገጥመውን መረብ መርጦ መውሰድ መልሱን አይቶ ጥያቄውን እንደማስተካከል ያለ ነው፤ ቢሙ በመጠን ትንሽ ሲቀየር ያው መረብ ይከዳዎታል። የገጠመዎት ችግር የርስዎ እጅ ስህተት ሳይሆን የዚህ ሙያ ሊቃውንት ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የታገሉት ነገር ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ልንገርዎ።

እ.ኤ.አ. በ1913 ኢንግሊስ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለ ሞላላ ቀዳዳ ጫፉ እየሾለ በሄደ መጠን በጫፉ ላይ ያለው ውጥረት እየናረ እንደሚሄድ በስሌት አሳየ። ቀዳዳው ፍጹም ሹል ስንጥቅ ሲሆን ውጥረቱ ወሰን የለሽ ይሆናል። እንግዲህ “ውጥረቱ ከቁሱ ጥንካሬ ሲበልጥ ይሰነጠቃል” የሚለውን ሕግ ብቻ ለኮምፒውተር ከሰጡት፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለው ክፍልፋይ ባነሰ ቁጥር ወደዚያ ወሰን የለሽ ውጥረት ስለሚጠጋ በትንሽ ጭነት ይሰነጠቃል። በወሰን አልባ ሁኔታ ያደቀቀ ሰው ቢሙ በምንም ጭነት ይሰበራል ወደሚል መልስ ይደርሳል። እርስዎ እያዩት ያለው ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ነው።

ከዚህ አዙሪት የሚወጣበትን መንገድ ያሳየው ግሪፊዝ ነው። በመስታወት ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1921 በታተመው ጥናቱ፣ ስንጥቅ የሚያድገው ውጥረት ስለናረ ብቻ ሳይሆን አዲስ ገጽ ለመክፈት የሚያስፈልገው ጉልበት ሲገኝ ነው አለ። ስንጥቅ ዋጋ አለው፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚከፈል የታወቀ ጉልበት አለ። በኮንክሪት ላይ ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር፤ ነገር ግን ለመስታወት የተሰፋው ልብስ ለኮንክሪት ጠበበው። ምክንያቱ ኮንክሪት እንደ መስታወት በአንድ ሹል መስመር የሚለያይ ነገር አለመሆኑ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። በሥራ ጅማሬዬ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ርዝመቱ 84፣ ወርዱና ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ቢም፣ መሐል ሆዱ ላይ በመጋዝ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ በሁለት ድጋፎች ላይ ተጋድሞ ከላይ ቀስ እያለ ይጫን ነበር። የጭነቱ ቁጥር ወጣ፣ ወጣና ጣሪያውን ነክቶ መውረድ ጀመረ። እኔ ግን በባትሪ እያበራሁ ብፈልግም አንድም ስንጥቅ አላየሁም። ጭነቱ በግልጽ ከወረደ በኋላ ነው ፀጉር የመሰለች መስመር ከመጋዙ ቁርጥ ጫፍ ተነሥታ ወደ ላይ የወጣችው፤ እሷም ቀጥ ብላ ሳይሆን ጠጠር ባገኘች ቁጥር እየዞረች ነበር። ቢሙ ሲለያይ በአንደኛው ፊት ጠጠሩ እንደ ጥርስ ወጥቶ፣ በሌላኛው ፊት የተቀመጠበት ጎድጓዳ አልጋው ለስልሶ ቀርቶ አየሁ። ከመለያየቱ በፊት ያ ጠጠር ከአልጋው እየተነቀለ ሁለቱን ፊቶች አስተሳስሮ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ጋቢ ሲቀደድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የተቀደደው ቦታ ክፍት ነው፣ ያልተነካው ቦታ ሙሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን ክሮቹ እየሳሱ፣ እየተበጠሱ፣ ጥቂቶቹ አሁንም ተሻግረው የሚይዙበት ስፍራ አለ። ሂለርቦርግ፣ ሞዴርና ፔተርሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረቡት ሞዴል ይህንኑ ነው ያደረገው፤ በስንጥቁ ጫፍ ፊት ለፊት ሁለቱ ፊቶች ሲራራቁ ቀስ በቀስ እየላላ የሚሄድ መሳሳብ ያለበት “ምናባዊ ስንጥቅ” አለ ብለው ቆጠሩ። ፊቶቹ ገና ሳይራራቁ መሳሳቡ የኮንክሪቱን የመጎተት ጥንካሬ ያህል ነው፤ ርቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ አካባቢ ሲደርስ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በዚህ መውረጃ ኩርባ ሥር ያለው ስፋት የስንጥቁ ዋጋ፣ ማለትም የመሰንጠቂያ ጉልበት ይባላል፤ ለተራ ኮንክሪት በካሬ ሜትር 100 ጁል አካባቢ ነው።

የዚህን ቁጥር ትንሽነት ልብ ይበሉ። እኔ ያየሁት ቢም ከቁርጡ በላይ የቀረው ፊት 10 በ5 ሴንቲ ሜትር ስለነበር፣ እሱን ለመለያየት የሚበቃው ግማሽ ጁል ነው። አንድ ኪሎ ስኳር ከጠረጴዛ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚወጣ ጉልበት ማለት ነው።

አሁን ወደ መረብዎ እንመለስ። በኮምፒውተር ስንጥቅን ማስቀመጥ በሁለት መንገድ ተጀመረ። ንጎና ስኮርደሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 ስንጥቁን በክፍልፋዮች ድንበር ላይ እንደ እውነተኛ ክፍተት አስቀመጡት፤ ራሺድ ደግሞ በ1968 ክፍልፋዩን ሳይለያይ ውስጡ እንደተሰነጠቀ ቆጥሮ ግትርነቱን ቀነሰው። ሁለተኛው መንገድ ለፕሮግራም ስለሚመች ተስፋፋ፤ እርስዎ የሚጠቀሙበት የአባከስ የኮንክሪት ሞዴልም የዚህ ቤተሰብ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የመላላቱን ኩርባ በውጥረትና በመለጠጥ ከሰጡት፣ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሲሰበር የሚበላው ጉልበት የተወሰነ ይሆናል። ስንጥቁ ግን ሁልጊዜ በአንድ ረድፍ ክፍልፋዮች ውስጥ ብቻ ይሰበሰባል። ክፍልፋዩን በግማሽ ባሳነሱት ቁጥር ያ ረድፍ በግማሽ ይቀጥናል፣ የሚበላውም ጉልበት በግማሽ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ስንጥቁን በግማሽ ዋጋ ሸጠልዎት ማለት ነው።

ባዣንትና ኦህ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረቡት መፍትሔ ቀላልነቱ ያስደንቃል፤ ዋጋው እንዳይለወጥ ኩርባውን ከክፍልፋዩ ወርድ ጋር አብሮ ይለወጥ አሉ። በቁጥር ልሥራልዎ። የመሰንጠቂያ ጉልበቱ 100 ጁል በካሬ ሜትር፣ የመጎተት ጥንካሬው 2.6 ሜጋፓስካል፣ መላላቱም በቀጥታ መስመር የሚወርድ ይሁን። መሳሳቡ ዜሮ የሚሆነው ስንጥቁ 0.077 ሚሊ ሜትር ሲከፈት ነው። ክፍልፋዩ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ መለጠጥ 0.0015 ይሆናል፤ 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 0.0077 መሆን አለበት። በሁለቱም መረብ ያው 0.0015 ከሰጡ፣ ደቃቁ መረብ ከሚገባው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ብቻ ይከፍላል።

በአባከስ ውስጥ ይህን በእጅ ማስላት አያስፈልግዎትም። የመጎተት ባሕርዩን በመለጠጥ ሳይሆን በስንጥቅ ክፍተት ወይም በቀጥታ በመሰንጠቂያ ጉልበት እንዲያስገቡ ፕሮግራሙ ይፈቅዳል። ይህን ከመረጡ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ክፍልፋይ ወርድ ራሱ ይወስዳል። ነገር ግን ስንጥቁ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ አስቀድሞ ስለማያውቅ ወርዱን ከክፍልፋዩ አጠቃላይ መጠን ይገምታል፤ ስለዚህ ስንጥቁ በሚያልፍበት ስፍራ ክፍልፋዮችዎ እንደ ኩብ እኩል ጎን ያላቸው ይሁኑ፤ ረዣዥምና ቀጫጭን ከሆኑ ግምቱ ይዛባል። ከላይም ወሰን አለው፤ በዚህ ስሌት ባሉት ቁጥሮች ክፍልፋዩ ወደ 0.9 ሜትር ሲጠጋ በውስጡ የተጠራቀመው የመለጠጥ ጉልበት ከስንጥቁ ዋጋ ይበልጣልና ኩርባው ወደ ኋላ መታጠፍ ይጀምራል። ለትንሽ ቢም ይህ አያሳስብም፤ ለግድብ ግን ያሳስባል።

ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር። ቢሙን የሚጭኑት በኃይል ከሆነ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ስሌቱ ይቆምብዎታል፤ ቀስ በቀስ ወደ ታች በሚገፋ እንቅስቃሴ ይጫኑት፣ መውረጃውንም ያዩታል። ስሌቱ አልገጥም ሲል ብዙዎች የሚያደርጉት ደግሞ የማለስለሻውን ቁጥር፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ዝልግልግነትን ከፍ ማድረግ ነው። ስሌቱ ይጨርሳል፣ ግን ቢሙ ያላገኘውን ጥንካሬ ያገኛል። ይህን ቁጥር ከተጠቀሙ በጽሑፍዎ ውስጥ ይግለጹት፤ በአሥር እጥፍ ቀንሰው ደግመው በማስላትም መልሱ አለመለወጡን ያሳዩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ስንጥቁ የመረቡን መስመር ተከትሎ የመሄድ ዝንባሌው አይጠፋም። ስንጥቁ ክፍልፋዮችን አቋርጦ እንዲያልፍ የሚፈቅደው እ.ኤ.አ. በ1999 የቀረበው የተስፋፋ ፋይናይት ኤለመንት፣ ከፍራንክፎርትና ከማሪጎ የ1998 ሐሳብ ተነሥቶ ስንጥቁን ከጤነኛ ወደ ተሰበረ በሚሸጋገር ሜዳ የሚተካው ዘዴ፣ ሲሊንግ በ2000 ያቀረበውና ቁሱን እርስ በርስ እንደሚሳሳቡ ነጥቦች የሚቆጥረው ዘዴ፣ ሁሉም ይህን ለመፍታት የተደረጉ ጥረቶች ናቸው። ለመመረቂያ ሥራዎ ግን ወደነሱ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ የያዙትን መንገድ ዋጋውን አስከብረው ቢጨርሱት ይበቃል።

በኔ አመለካከት ከመረቡ በላይ ሊያስጨንቅዎ የሚገባው 100 ያልነው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ነው። በየሳይቱ ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር ኩብ እንወስዳለን፣ በ28ኛው ቀን ጨምቀን እንሰብራለን። ኩብ የሚነግረን ኮንክሪቱ ሲጨመቅ ምን ያህል እንደሚችል ብቻ ነው፤ ስንጥቅ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ ግን አይናገርም። አንድ ዓይነት የጭመቃ ጥንካሬ ያላቸው ሁለት ኮንክሪቶች በጠጠራቸው መጠንና ዓይነት የተነሣ የተለያየ የመሰንጠቂያ ጉልበት ሊኖራቸው ይችላል። እኛ የምንጠቀምበት ተፈጭቶ የሚመጣው ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ በተራ ኮንክሪት ውስጥ ስንጥቁ አይቆርጠውም፣ ይዞረዋል። ከመጽሐፍ የወሰዱት ቁጥር ለየትኛው ጠጠር እንደተለካ ይመልከቱ። ከተቻለም ከመጋዝ፣ ከመጫኛ ማሽንና ከመሐል ጉብጠቱ መለኪያ የዘለለ መሣሪያ የማይጠይቀውን ያንን የተቆረጠ ቢም ራስዎ ሠርተው ይስበሩት። መጀመሪያ የጭነትና የጉብጠት ኩርባውን ስፋት ይውሰዱ፤ የቢሙ የራሱ ክብደት የሠራውን ሥራ ይጨምሩበት፣ ለተሰበረው ፊት ስፋት ያካፍሉት። አማካሪዎ “ከሙከራው ጋር የሚስማማ” ሲሉ ሊሉት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ ከሙከራው የሚወሰደው የክፍልፋይ መጠን ሳይሆን የስንጥቁ ዋጋ ነው።

የቢም መጠን ጉዳይም እዚሁ ይነሣል። ከላይ ካሉት ቁጥሮች የሚገኝ ርዝመት አለ፤ የኮንክሪቱ ግትርነት በመሰንጠቂያ ጉልበቱ ተባዝቶ ለመጎተት ጥንካሬው ካሬ ሲካፈል ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ይመጣል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቢሙ ትንሽ ከሆነ ክሮቹ የሚይዙበት ስፍራ ቢሙን ሙሉ ይሸፍነዋልና ታጋሽ ይሆናል፤ ትልቅ ከሆነ ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ባዣንት እ.ኤ.አ. በ1984 በቀመር ያስቀመጠው የመጠን ተጽእኖ ይህ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለውን የተከዜን የኮንክሪት ግድብ ከ10 ሴንቲ ሜትር ቢም በቀጥታ መገመት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

መረብን አቅልሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ ኖርዌይ ውስጥ የሆነውን ማንበብ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስላይፕነር ኤ የተባለው የባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ የኮንክሪት መሠረት ውሃ ውስጥ እየተሞከረ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰጠመ። በኋላ እንደተጣራው፣ ግድግዳዎቹ በሚጋጠሙበት ስፍራ የተሠራው መረብ ሻካራና የተዛባ ስለነበር የሸር ኃይሉን፣ ማለትም ግድግዳውን ለመቁረጥ የሚገፋውን ኃይል፣ በ47 በመቶ አሳንሶ ገምቶት ነበር፤ በዚያ ላይ የፌሮው አቀማመጥ ጉድለት ተጨመረበት። ከአደጋው በኋላ በተሻለ መረብ የተደረገው ስሌት ግድግዳው በ62 ሜትር ጥልቀት እንደሚሰበር አሳየ፤ የተሰበረው በ65 ሜትር ላይ ነበር። ያው ኮምፒውተር፣ ያው ዘዴ ነው፤ የተለወጠው ሰው የሰጠው መረብ ነው። የአዘዞው መምህርም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። በፋሲል ግንብ ግድግዳዎች ላይ ያሉትን ስንጥቆች እንግዶች በየቀኑ ይጠይቁኛል። እነዚህንስ በኮምፒውተር ማጥናት ይቻላል? በስሚንቶ ቢደፈኑ ምን ችግር አለው? (ከጎንደር ፒያሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን መንገዱ ይለያል። ግንቡ ኮንክሪት ሳይሆን በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ስንጥቁም በአብዛኛው በድንጋዩ ውስጥ ሳይሆን በኖራው መጋጠሚያ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ግድግዳውን እንደ አንድ ወጥ ቁስ ከማየት ይልቅ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው አስቀምጦ መጋጠሚያዎቹ እንዲላቀቁና እንዲንሸራተቱ የሚፈቅድ ዘዴ ይመረጣል፤ ለተሰነጣጠቀ አለት ከንዳል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1971 ያቀረበው ለዚህ ይስማማል።

ስሚንቶውን ግን ይተዉት። ኖራ ከስሚንቶ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው በሙቀትና በብርድ፣ በክረምትና በበጋ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል፣ እርጥበትንም ያስወጣል። ስሚንቶ ግትር ስለሆነ አይታዘዝም፤ አዲሱ ስንጥቅ ከድፍኑ አጠገብ፣ አንዳንዴም በድንጋዩ በራሱ ውስጥ ይወጣል፣ ውሃውም ከኋላው ይታሰራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተደረገው ጥገና ስሚንቶና አርማታ ጥቅም ላይ ውሎ፣ በኋላ በተደረገው የጥበቃ ሥራ ወደ ኖራ መመለስ ያስፈለገው በከንቱ አይደለም።

እርስዎ በየቀኑ እዚያ ነዎትና ለሚያጠናው ባለሙያ ትልቅ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። ግድግዳውን ሳይነኩ፣ ሦስት ወይም አራት ስንጥቆችን መርጠው፣ በየወሩ ከአንድ ቦታ ላይ ቆመው፣ በየሥዕሉ አንድ ዓይነት ማስመሪያ ከስንጥቁ አጠገብ ይዘው ፎቶ ያንሡ፤ ቀኑን ይጻፉ፣ የሳምንቱ ዝናብ ጠንክሮ እንደሆነም ያስታውሱ። ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው ስንጥቅ እንደቆመ፣ የትኛው በክረምት ብቻ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛው ሳያቋርጥ እየሰፋ እንደሆነ ይለያል። ሞዴል የሚሠራው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው፤ ሥዕሎቹንም ለቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎቹ ቢሰጧቸው ከማንኛውም ድፍን በፊት ያስፈልጓቸዋል።